ለ6 ወር የሚመጣ ተመራማሪ በኮሌጅ ከተማ ቤት እንዴት ያገኛል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ጁን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የኮሌጅ ከተማ በጎብኚ ተመራማሪነት ይቆያሉ። ባለቤታቸውና የ6 ዓመት ልጃቸው አብረዋቸው ይሄዳሉ። የጋበዛቸው ትምህርት ክፍል ቤት ራስዎ ይፈልጉ ብሏቸዋል። ያነጋገሯቸው አከራዮች በሙሉ የዓመት ውል ካልሆነ አይሆንም አሉ። አንድ ሰው ብቻ በኢንተርኔት አግኝቷቸው ሙሉ ዕቃ ያለው ቤት በርካሽ እሰጥዎታለሁ፣ ዲፖዚቱን (የመያዣውን ገንዘብ) እና የመጀመሪያውን ወር ኪራይ አሁኑኑ ይላኩ ብሏቸዋል። «ቤቱ ከሚያመልጠኝ ልላክለት ወይ?» ይላሉ።

አይላኩ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይሄ ግን ዛሬውኑ ይቁም።

ሥራዬ ከውጭ ለሚመጡ ተመራማሪዎች ቤት ማፈላለግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ፣ ከአገሩ ሳይወጣ ተከራየሁት ወዳለው ቤት ወሰድኩት። አድራሻው ትክክል ነው። በሩ ፎቶው ላይ እንዳለው ሰማያዊ ነው። የበረንዳዋ ወንበር እንኳ እዚያው አለች። ደወልን። የከፈቱልን አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ እጃቸው ላይ ሊጥ አለ። ሰውዬው ያተመውን ውል አወጣና አሳያቸው። አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሄ የኔ ቤት ነው፣ አከራይቼው አላውቅም» አሉ። ቤቱን ከገዙት ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቶዎቹ ቤቱ ያኔ ለሽያጭ ከወጣበት ማስታወቂያ የተሰረቁ ናቸው። ሰውዬው የላከው ገንዘብ አልተመለሰለትም። ያን ቀን ሻንጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ የቆመበት ሁኔታ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ ማንም አከራይ ነኝ ቢልዎ አስቀድመው የሚያደርጉት ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የቤት ባለቤትነት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። በብዙ ካውንቲዎች (በግዛቱ ሥር ያሉ አስተዳደሮች) የንብረት ግምት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ሲያስገቡ የባለቤቱን ስም ያወጣልዎታል። ያ ስም ከሚያነጋግርዎ ሰው ስም ጋር ካልገጠመ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ወኪል ወይም ተከራይ ከሆነ ማስረጃ ያሳይ። ሁለተኛ፣ በቪዲዮ ይደዋወሉ። ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ አይበቃም። ከመንገድ ተነስቶ፣ የቤቱን ቁጥር አሳይቶ፣ በር ከፍቶ ይግባና የወጥ ቤቱን ቧንቧ ይክፈትልዎ። እውነተኛ አከራይ ይሄን ሲጠየቅ አይከፋም። «አሁን አገር ውስጥ የለሁም፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልዎታለሁ» ካለ ግን ነገሩ አልቋል፤ እሱን ይተዉት። ሦስተኛ፣ ገንዘብ በዌስተርን ዩኒየን፣ በስጦታ ካርድ ወይም በክሪፕቶ ላክ የሚል አከራይ የለም ብለው ይያዙ። ዜል በሚባለው የአሜሪካ ባንኮች የገንዘብ መላኪያ የተላከ ገንዘብም አንዴ ከሄደ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አከራዮቹ ሁሉ የዓመት ውል የሚሉት በእርስዎ ላይ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። የኮሌጅ ከተማ ኪራይ የሚሄደው በትምህርት ዘመኑ ነው። ተማሪው ኦገስት ላይ ይገባል፣ በሚቀጥለው ኦገስት ይወጣል። ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ብዙው ውል ኦገስት 14 ያልቅና አዲሱ ኦገስት 15 ይጀምራል። በመሃል ያለችውን ሌሊት የትም ሳይኖራቸው ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚያድሩ አሉ። መንገዱ ዳር የሚጣለው ሶፋና ጠረጴዛ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ የከተማው ሰው ቀኑን «የሂፒዎች ገና» ይለዋል። ለአከራዩ ታዲያ ጁን ላይ የሚለቅ ተከራይ ማለት እስከ ኦገስት ባዶ የሚቀመጥ ቤት ነው። እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እርስዎ አከራይ መፈለግዎን ይተዉ። መፈለግ ያለብዎት እርስዎ በሚገቡበት ጊዜ ከከተማው የሚወጣ ሰው ነው። ይሄን ነገር ለሁሉም ደጋግሜ የምናገረው ስለሚሠራ ነው። በኮሌጅ ከተማ ጃንዋሪ ላይ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ለግማሽ ዓመት ሳባቲካል (ከማስተማር ነጻ የሚሆንበት የምርምር ፈቃድ) የሚወጣ ፕሮፌሰር አለ። ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ አለ። ዲሴምበር ላይ ተመርቆ ውሉ እስከ ኦገስት የሚቀርበት ደግሞ አለ። እነዚህ ሰዎች ቤቱ ባዶ ሆኖ ኪራይ ወይም የባንክ ዕዳ ከሚከፍሉ ለእርስዎ ቢሰጡት ደስታቸው ነው። እርስዎን እንደነሱ የሚፈልግዎ የለም።

ከነዚህ ውስጥ ልጅ ላለው ሰው የሚሻለው የሳባቲካሉ ፕሮፌሰር ቤት ነው። አልጋው አለ፣ ድስቱ አለ፣ አንሶላው አለ። አሜሪካ ውስጥ ተራ አፓርታማ ሲከራዩ ብዙ ጊዜ ምድጃና ፍሪጅ ይኖረዋል እንጂ አልጋ የለውም፤ ለ6 ወር ብሎ ቤት ማደራጀት ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ፕሮፌሰሩም ቤቱን ለማያውቀው ተማሪ ከሚሰጥ ለአንድ የሙያ ባልደረባ፣ ያውም ባለትዳር ለሆነ ሰው ቢሰጥ ይመርጣል። ኪራዩን እንኳ ዝቅ የሚያደርግልዎ ይኖራል፣ በተለይ ድመቷን ልትመግቡልኝ ትችላላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ ካስከተለ። እንዲህ ያለው ቤት ሳባቲካልሆምስ የሚባል፣ ለዚሁ ለምሁራን የቤት ኪራይ የተሠራ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ብዙው ግን ማስታወቂያ ላይ ሳይወጣ በሰው በሰው ያልቃል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ለጋበዛቸው ፕሮፌሰር ብቻ ጽፈው ዝም ማለታቸው ነው። ፕሮፌሰሩ ሥራ ይበዛበታል፣ ቤት የተከራየውም ከ20 ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። ይልቅ የትምህርት ክፍሉን የአስተዳደር ሠራተኛ ያግኙ። ማን ሳባቲካል እንደሚወጣ፣ ማን ባለፈው ዓመት የት እንደተከራየ አብጠርጥራ የምታውቀው እሷ ናት። አምስት መስመር ይበቃል። ማን እንደሆኑ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በወር እስከ ስንት ዶላር እንደሚችሉ፣ እንደማያጨሱ። «ይህን ለመምህራኑና ለዶክትሬት ተማሪዎቹ በኢሜይል ቢያስተላልፉልኝ ውለታዎ ትልቅ ነው» ብለው ይዝጉት። ጊዜው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያኔ የሚወጣው ሰው መውጣቱን አውቋል፣ ቤቱን ግን ገና አልሰጠም። የዩኒቨርሲቲውን የቤቶች ቢሮ ጎን ለጎን ይጠይቁ። አንዳንዱ ለጎብኚ ምሁራን የሚያከራያቸው ጥቂት አፓርታማዎች አሉት፤ ወረፋው ቶሎ ስለሚሞላ ስምዎን ያስገቡ።

የተማሪ ሰብሊዝ፣ ማለትም ተማሪው የተከራየውን ቤት መልሶ ሲያከራይ፣ ሌላው በር ነው፤ እዚያ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ዋጋው ነው። በኮሌጅ ከተማ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የአንድ መኝታ ክፍል ነው። ባለ 4 መኝታ አፓርታማ 900 ዶላር ተብሎ ሲያዩ እልል አይበሉ። 900 የእርስዎ ክፍል ብቻ ነው፤ በቀሩት ሦስቱ ክፍሎች የማያውቋቸው ተማሪዎች አሉ። ለባለ ቤተሰብ አይሆንም። ሁለተኛው ፈቃዱ ነው። ተማሪው ራሱ ተከራይ ስለሆነ ያለ ቤቱ ባለቤት ፈቃድ ቢያስገባዎ ሁለታችሁም ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። ባለቤቱ በጽሑፍ ይስማማ። ዲፖዚቱ ማን ጋ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚመልስልዎ ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር። የቤቱ ባለቤት፣ ተማሪውና እርስዎ ሦስታችሁም ሳትፈርሙ ብር አይክፈሉ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርዎ። ለ6ቱም ወር አንድ ቤት ማግኘት ግዴታ አይደለም። የባችለር ተማሪው ሜይ አጋማሽ ላይ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ውሉ ግን እስከ ኦገስት ይቀጥላል። ስለዚህ ከሜይ አጋማሽ በኋላ ከተማው በሰብሊዝ ይጥለቀለቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። አንድ ፕሮፌሰር «ቤቴን እስከ ሜይ 15 ብቻ ነው የምሰጠው» ቢልዎ በዚያ ምክንያት አይለፉት። ይያዙት። የቀረችዋን አንድ ወር ተኩል ኤፕሪል ላይ እዚያው ሆነው፣ በዓይንዎ አይተው፣ በርካሽ ይሞሏታል። ያለው ችግር የምረቃው ሰሞን ነው። ለዚያ ቅዳሜና እሁድ ሆቴሉ ቀደም ብሎ ተይዞ ስለሚያልቅ፣ በዚያ ሳምንት ከአንዱ ቤት ወጥቼ ሌላው እስኪለቀቅ ሆቴል አድራለሁ ብለው አያቅዱ። መጸው ላይ ለሚመጡ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ያለበት ቅዳሜ እንዲሁ ነው። አን አርበር ላይ ያለው የሚሺጋን ስታዲየም ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ ጨዋታ ያለ ቀን ሆቴል ይገኛል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው።

እስከዚያው ቤት ባያገኙስ? መሄድዎን አይተዉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወጥ ቤት ያለው የረጅም ቆይታ ሆቴል ወይም ኤርቢኤንቢ ይያዙና ቤቱን እዚያ ሆነው ይፈልጉ። ውድ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ባላዩት ቤት ለ6 ወር ከመታሰር ግን ይረክሳል። እንደዚህ ያለ ማረፊያ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ የሚቆዩ ከሆነ፣ በብዙ ግዛቶች ከ30 ቀን ጀምሮ የሆቴሉ ግብር ይነሳልና ሲይዙ ይጠይቁ። በጄ 1 ቪዛ (ለጎብኚ ምሁራን በሚሰጠው) የሚሄድ ሰው ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ቀን እስከ 30 ቀን ቀድሞ መግባት ስለሚችል ጊዜው አለዎት። ግን በፈረንጆቹ ገና ሰሞን አይግቡ። በዚያ ገናና በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት መካከል ዩኒቨርሲቲው ጭር ይላል፣ ቢሮ ዝግ ነው፣ የኪራይ ወኪሉም ስልክ አያነሳም። ከአዲስ ዓመት ማግስት ይድረሱ።

በመጀመሪያ የሚሰጡት አድራሻ የግድ የመጨረሻዎ መሆን የለበትም። ቤት በቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ምሁራን ቢሮ ማሳወቅ ግን የቪዛው ግዴታ ነው። ይቺን እንዳይረሱ።

የሚቀጥለው እንቅፋት ክሬዲት ነው። አከራዩ የክሬዲት ታሪክዎን (አሜሪካ ውስጥ ብድርዎን እንዴት እንደከፈሉ የሚያሳየውን መዝገብ) ልይ ይላል፤ እርስዎ ገና ስለመጡ ምንም የለዎትም። መፍትሔው አለ። ለጄ 1 ቪዛው ከጋባዡ ተቋም የሚሰጥዎ የዲኤስ 2019 ቅጽ ላይ የገቢዎ ምንጭና መጠን በዶላር ተጽፏል። እሱን፣ የግብዣ ደብዳቤዎንና ከትምህርት ክፍሉ የሚሰጥ አንድ ገጽ ማረጋገጫ አንድ ላይ ፒዲኤፍ ያድርጉና ሳይጠየቁ ያቅርቡ። ብዙ አነስተኛ አከራዮች ይሄ ይበቃቸዋል። ትልልቆቹ የኪራይ ኩባንያዎች ናቸው ኮምፒውተሩ አልተቀበለም የሚሉት፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ ያለው ባለቤት ላይ ያተኩሩ። በነገራችን ላይ ልጅ ካለዎት አላከራይም የሚል ሰው ካጋጠመዎ፣ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በ1988 ተሻሽሎ ልጅ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ ማዳላትን ከልክሏል። ከዚህ ወጣ የሚሉት ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት፣ እስከ አራት መኖሪያ ብቻ ያለው ሕንፃ፣ ወይም ለአረጋውያን ብቻ የተለየ መኖሪያ። በትውልድ አገር ማዳላትም በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው።

ዲፖዚትን በተመለከተ ግዛቱ ይለያያል፤ የሚሄዱበትን ግዛት ሕግ ያንብቡ። ኒውዮርክ ውስጥ አከራዩ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ አይችልም፣ ለማመልከቻና ለክሬዲት ምርመራ የሚያስከፍለውም ከ20 ዶላር አያልፍም። ይሄ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ጣሪያው የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ነው። ፔንስልቬንያ በመጀመሪያው ዓመት እስከ ሁለት ወር ይፈቅዳል። ሲለቁ ኒውዮርክ በ14 ቀን፣ ዊስኮንሲን በ21 ቀን፣ ሚሺጋንና ፔንስልቬንያ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ወይም የተቀነሰበትን ምክንያት በዝርዝር መላክ አለበት።

ገንዘቡን የሚያስመልስልዎ ግን የመጀመሪያው ቀን ሥራዎ ነው። ቁልፉን ሲቀበሉ ሻንጣ ሳያስገቡ ስልክዎን አውጥተው ክፍል በክፍል ይቅረጹ። የምንጣፉን ጥቁር ነጠብጣብ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የምድጃውን ውስጥ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ። ቧንቧዎቹን ይክፈቱ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ይልቀቁ። ሚሺጋን ላይ አከራዩ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ የሚመዘግብ ቅጽ ይሰጥዎታል፤ ሞልተው በ7 ቀን ውስጥ ይመልሱለታል። ሌላ ቦታ ባይሰጥዎ እንኳ ራስዎ ጽፈው ከፎቶዎቹ ጋር በኢሜይል ይላኩለት። ቀኑ የተመዘገበበት ኢሜይል ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

ጃንዋሪ ላይ ስለሚገቡ ማሞቂያውን አጥብቀው ይጠይቁ። የሚሄዱት እንደ ኢታካ ወይም ማዲሰን ወዳለ ከተማ ከሆነ ብርዱ የዋዛ አይደለም። ኪራዩ ርካሽ ሆኖ የማሞቂያው ሒሳብ በእርስዎ ላይ ከሆነ፣ ያ አሮጌ የእንጨት ቤት በጠቅላላ ወጪው ከውዱ አፓርታማ ሊበልጥ ይችላል። «ባለፈው ጃንዋሪ የጋዝና የመብራት ሒሳብ ስንት መጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ ወረቀቱን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለ ወለል) ከሰጡዎት መኝታ ክፍሉ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ይኑረው፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውም መሥራቱን ተጭነው ይፈትሹ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ አከራዩ ስለዚህ የሚያውቀውን ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ እንዲነግርዎ የፌዴራሉ ሕግ ያስገድደዋል። ቀለሙ በመስኮቱ ጠርዝ ተፈርፍሮ ካዩ ልጅ ይዘው አይግቡበት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ልጅዎ መንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ይማራል። ሲመዘግቡት ግን በዚያ አካባቢ መኖርዎን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁዎታል፤ ስለዚህ የፕሮፌሰር ቤትም ቢሆን በቃል ብቻ አይግቡ። የእርስዎና የባለቤትዎ ስም ያለበት አጭር ውል ይኑርዎት። የክትባቱን ካርድ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ከአገር ቤት ይዘው ይምጡ። ቤቱን የሚመርጡትም መኪና እንደሌለዎት አስበው፣ አውቶቡስ ፌርማታውን ይዘው ቢሆን ይሻላል። ቻፕል ሂልን በመሰሉ ከተሞች አውቶቡሱ ለሁሉም ነጻ ነው፤ በሌሎቹ ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ይበቃል። የአውቶቡሱን የእሑድና የማታ ሰዓት ይዩ። በሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው የሚመጣው እሑድ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የመውጫው ነገር። እርስዎ ጁን መጨረሻ ላይ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ዲፖዚቱ ገና አልተመለሰም። አከራዩ የሚልከው በቼክ ነው፣ ቼኩ ደግሞ አገር ቤት ቢደርስዎ እንኳ ለመመንዘር መከራ ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ ከአንድ ወር በፊት በቀጥታ ወደ አሜሪካ ባንክ ሒሳብዎ እንዲያስገባልዎ በጽሑፍ ያስማሙት፤ ሒሳቡንም ገንዘቡ እስኪገባ አይዝጉት። እምቢ ካለ ደግሞ እዚያው የሚኖር የሚያምኑትን ሰው አድራሻ ይስጡት። ሚሺጋን ውስጥ ከሆኑ በለቀቁ በ4 ቀን ውስጥ የሚላክበትን አድራሻ በጽሑፍ መስጠት የተከራዩ ግዴታ ነው። ቁልፉን በሚመልሱበት ቀን፣ እዚያው ቆመው፣ ኢሜይሉን ይላኩት።

የዚያን ባለ ርካሽ ቤት ሰውዬ አድራሻ ካውንቲው መዝገብ ላይ ፈልገው ያገኙትን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ አብረን እናየዋለን።